የውሃ ቀጂው ዱዓ

ባለፈው ክረምት ለሥራ አጋሮ ሄጄ ዝናብ ያዘኝና አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በረንዳ ላይ ተጠልዬ ቆሜ ሳለ፣ ከውስጥ ገና የተላጠ ዋንዛ ሸተተኝ፣ ወዲያው ደግሞ ዝናብ ያበሰበሰው አንድ ውሻ መጥቶ ከእግሬ አጠገብ ቆመና ገላውን አራገፈው፤ ሁለቱ ሽታዎች ተቀላቅለው አፍንጫዬን ሲሞሉት የት እንዳለሁ ለአፍታ ጠፋኝ። የእርጥብ ውሻ ሽታ ማንም የሚናፍቀው ሽታ አይደለም። እኔ ግን ዝናቡ ካባራ፣ አብረውኝ የተጠለሉትም ሁሉ ከሄዱ በኋላ ከዚያ በረንዳ አልወረድኩም። የቤቱ ባለቤት ብቅ ብሎ «በርጩማ ፈልገህ ነው?» ቢለኝ፣ «አይ፣ ውሻህን እያየሁ ነው» አልኩት። «የእኔ አይደለም» አለኝ። ስለ ውሻ ሲጠየቅ የሰው ሁሉ መልስ ይሄው ነው።

ቤታችን ጅማ የሚያልቅበት፣ ወደ የቡ የሚወስደው መንገድ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነበር። አባቴ፣ ሰፈሩ አባ ዱራ የሚለው፣ በርጩማ ጠራቢ ነበር፤ የዋንዛ ጉማጅ ፊቱ አጋድሞ፣ መቀመጫውንም ሦስቱን እግሮችም ሳይነጣጥል ከዚያው ከአንዱ እንጨት ጠርቦ ያወጣ ነበር። እኔ የጠርሙስ ስባሪ ይዤ መቀመጫውን እየፋቅኩ አለሰልስ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከሰፈሩ ልጆች ግማሾቹ ገብተዋል፣ እኔ አልገባሁም፤ አባቴ ክፉ ስለነበር ሳይሆን የሚፍቅለት ሰው ስለሚያስፈልገው ነው፤ ይህን ስል ግን ይቅር ብዬዋለሁ ማለቴ አይደለም።

ውሾቹ የመጡት በክረምት ነው። እናቴ የየቡ ልጅ ነበረች፤ መከር ሲደርስ ወንድሟ የሚልክላትን ጥቂት ቡና ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ላይ ስታሰጣ የጎረቤት ፍየል እየገባ ያስቸግራት ስለነበር፣ አጎቴ አንድ ቀን ዝናብ እየመታው ኬሻ አንጠልጥሎ መጣና ሁለት ቡችሎች መሬት ላይ ዘረገፈልን። አንዱ ዝንጉርጉር ነበርና ቡሬ አልነው፣ ሌላው አመድማ ነበርና ዳለቻ አልነው። አባቴ ከመጥረቢያው ቀና ሳይል አያቸውና «ለግቢ ይሁኑ። ከደፉ ወዲህ ግን ሰሬ አይገባም» አለ። ውሻን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ሰሬ ነበር የሚለው።

ይህ ቃል በቤታችን ሕግ ሆነ። ደፉን አባቴ ራሱ ከወፍራም ዋንዛ ጠርቦ በሩ ሥር ያጋደመው ነበር፤ ውሾቹ ካደጉ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ገላቸውን ከውጭ አድርገው አገጫቸውን ብቻ ደፉ ላይ ያሳርፉና ዓይናቸውን ወደ ውስጥ ወርውረው ይተኙ ነበር። ከዚያ አንዲት ስንዝር አያልፉም። አንድ ቀን ቡሬ ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ድስት ልሶ፣ እናቴ ድስቱን ስድስት ጊዜ በውሃ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በአፈር ስታጥበው ቆማ ዋለች፤ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር፣ እንዲህ ነበር የሚታጠበው። «ነስሩ፣ ለአንተ ውሻ ስል ወገቤ ተቆረጠ» አለችኝ። የእኔ ውሻ ማለቷን ወደድኩት፣ ስለ ወገቧ ግን አላሰብኩም።

ችግሬ ሌላ ነበር። ቁርአን በምንቀራበት ቤት ሼሁ፣ ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም ብለው ነግረውን ነበር። አባቴ «እኛ ቤት ከውስጥ የለም» ብሎ ነገሩን በደፉ ጨርሶታል፣ እኔ ግን መጨረስ አልቻልኩም፤ ማንም ሳያየኝ የፍቅፋቂው ክምር ላይ ከሁለቱ መሃል እተኛ ነበር፣ እጄን ይልሱኝ ነበር፣ ሰባት ጊዜ የሚያሳጥብ ውሃም አፈርም ማንም ሳያየኝ ከየት አመጣለሁ? ስለዚህ ለሶላት ከአባቴ ጎን ስቆም፣ የቆሸሸ እጅ ይዤ የአላህን ስም መጥራት ፈርቼ፣ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር። ምንም አልልም ነበር። ስሰግድ የማስመስል፣ ስነሳ የማስመስል ልጅ ነበርኩ። መልአክ ወደ ቤታችን የማይመጣው በእኔ ነው ብዬ አምን ነበር፣ ውሾቹን ግን መተው አልፈለግኩም። በዘጠኝ ዓመቴ ከአላህና ከሁለት ውሾች መርጬ ውሾቹን የያዝኩ መስሎኝ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ዝናቡ ቆሞ ቡናው መቅላት ሲጀምር ከተማው ይለወጥ ነበር። ከአጋሮም ከየቡም የሚመጣ ሰው ይበዛል፣ ሲኒማ ቤቱም ይሞላል። በዚያ ጊዜ አዲስ ፊልም እንደ ልብ አይመጣም ነበር፤ የራሺያ የጦርነት ፊልም ከሆነ ሰው ጥሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ለዘመናት የኖረ አንድ ያረጀ፣ ቀለም የሌለው የህንድ ፊልም በየመከሩ ይወጣ ነበር። ስሙን ማንም አያውቅም፣ ሁላችንም «ውሃ ቀጂው» ነበር የምንለው።

ይህን ፊልም የምንረዳው በከድር ኤደን ነው። ከድር በሰፈራችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በወጣትነቱ ባሕር ተሻግሮ ኤደን ወደብ ላይ ከህንድ ነጋዴዎች ጋር እንደሠራና ቋንቋቸውን እንደለመደ ይናገር ስለነበር ሰው ሁሉ ከድር ኤደን ይለዋል። ሲኒማ ቤቱ ያለ ክፍያ ያስገባዋል፣ ምክንያቱም እሱ ከሌለ ሦስተኛ ማዕረግ ያለነው ስንጮህ ፊልሙ አይታይም። ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ህንዶቹ የሚሉትንም ከሥር የሚሮጠውን ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍም አንድ ላይ አድርጎ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ይነግረን ነበር።

«ከድር፣ ምን አለች?» ይላል ከኋላ አንዱ።

«‹አባቴ ካልፈቀደ አላገባህም› አለች።»

«ይሄን ሁሉ ሰዓት ዘፍና ይቺን ብቻ?»

«የቀረው ግጥም ነው። ግጥም አይተረጎምም፣ ዝም ብለህ ስማ።»

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ውሃ ቀጂ በቆዳ አቁማዳ ውሃ እየተሸከመ ለመንደሩ ያቀብላል፤ ድርቅ ይመጣል፣ ባላባቱ ጉድጓዱን ይቆልፋል፤ ውሃ ቀጂው በሌሊት ሰብሮ ሰውን ስላጠጣ ይባረራል፤ ሁለት ውሾች ብቻ ተከትለውት በረሃ ይገባል። ከአቁማዳው የቀረችውን ውሃ በመዳፉ ለውሾቹ ያጠጣቸዋል፣ ከዚያ አሸዋ ላይ ይወድቃል። ውሾቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ሰውየው በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ እያየ ከንፈሩን ለረጅም ጊዜ ያንቀሳቅሳል፣ ሙዚቃ የለም፣ ድምፁም በነፋሱ ተውጦ በደንብ አይሰማም። ያን ዓመት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ባየሁ ጊዜ ወንበሬ ላይ ደነገጥኩ፤ በሶላት ላይ እኔው ራሴ የማደርገውን ሰውየው በሰው ሁሉ ፊት የሚያደርገው መሰለኝ።

ከድር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሌላ ጊዜ የሚያሾፈው ከድር አልነበረም። «ዱዓ እያደረገ ነው» አለ። «‹ያ ረቢ፣ ለእኔ ብዬ አልለምንህም። እነዚህ ሁለቱ ግን ምንም አላጠፉም። እኔን እዚሁ ተወኝ፣ ለእነሱ መንገድ አሳያቸው› እያለ ነው።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አሚን» አለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ወዲያው አሸዋው ጫፍ ላይ ሁለቱ ውሾች ብቅ ይላሉ፣ ከኋላቸው ደግሞ ሰዎች። እዚያ ላይ ፊልሙ ይበጠሳል፣ መብራት ይበራል፤ መጨረሻው ድሮ ተቃጥሏል ይባል ነበር። «ተረፈ፣ አለቀ» ይላል ከድር፤ እኛም ተረፈ፣ አለቀ ብለን እንወጣለን።

ወደ ቤት ስንሄድ ከጎኑ ተለጥፌ «ጋሽ ከድር፣ ለውሻ ዱዓ ይደረጋል እንዴ?» አልኩት።

«ሲያደርግ አላየህም?»

«እሱ ህንድ ነው።»

«ህንዱንስ ውሻውንስ ማን ፈጠረው?» አለና ሄደ፤ ለእሱ ተራ ወሬ ነበር።

ያን ቀን ለመግሪብ፣ ለማታው ሶላት፣ ከአባቴ ጎን ስቆም ከንፈሬን ብቻ አላንቀሳቀስኩም። እጄን በአፈርም በውሃም አጥቤ፣ በሹክሹክታ፣ ውሃ ቀጂው ያለውን አልኩ፣ የቡሬንና የዳለቻን ስም ጨምሬ። አላህ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ እንዳላለኝ ገባኝ፤ እኔ ነኝ የመረጥኩ የመሰለኝ። ሶላቱን ከሚዘጋው ሰላምታ በኋላ ዞር ስል ሁለቱ አገጫቸውን ደፉ ላይ አሳርፈው እያዩኝ ነበር። ደስታ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ የምለው የለኝም፤ ያ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ጠግቤ አላውቅም፣ ራታችን ደግሞ ያን ቀን ጎመን ነበር።

ቡናው ተለቅሞ በጋው ሲበረታ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ውሃ የምንቀዳበት ቦኖ ግድግዳ ላይ ማህተም ያለው ወረቀት ተለጠፈ። የቀበሌ ወረቀት ሰው ያስፈራ ነበር። ከላይኛው ሰፈር ያሉት ማንበብ ይችላሉ፣ አንብበው ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እኛ ለውሃ ተሰልፈን የቆምነው ግን ከድርን ጠራነው። እንግሊዝኛውን እየሮጠ የሚያነብ ሰው አማርኛ ምን ያቅተዋል? አባቴ እጁ ላይ ፍቅፋቂ እንዳለ መጣ፣ እናቴ እንስራዋን አዝላ ቆመች። ከድር ወረቀቱን ቀረብ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ፣ ማህተሙን በጣቱ ነካ።

«የቡና ነው» አለ። «ያለ ፈቃድ ቡና በቤቱ የሚገኝ፣ በኬላም ይዞ የሚያልፍ ይቀጣል ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ፍተሻ አለ።»

ማንም አልተጠራጠረም፤ ወረቀት ሁሉ የሚያወራው ስለ ቡና ነበር። እናቴ የየቡውን ቡና ከአልጋው ሥር አስገባች። አባቴ ደግሞ አስቦ አስቦ፣ ፈታሽ ድንገት እንዳይገባብን፣ ቀን ቀን በጠፍር የምናስራቸውን ውሾች ከሐሙስ ጀምሮ አስፈታቸው። «የሚመጣውን ቀድመው ይንገሩን» አለ። እኔ ራሴ ነኝ የቡሬን ጠፍር የፈታሁት፤ ቋጠሮው ጠብቆ በጥርሴ ነው ያላላሁት።

ወረቀቱ ይል የነበረው ሌላ ነው። ያበደ ውሻ አንዲት ልጅ ነክሶ ነበርና፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ውሻ ያለው ሁሉ አስሮ እንዲያስቀምጥ፣ ተፈቶ የሚገኝ እንደሚገደል ነበር የሚለው። ትዕዛዙ ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህንን ማለት የቻልኩት ዛሬ ነው።

ዓርብ ዕለት እኔና አባቴ ነጭ በነጭ ለብሰን ከጁምዓ ስንመለስ፣ ቦኖው ጋ የቀበሌው ጓድ ባልዲ አጠገቡ አስቀምጦ እጁን በሳሙና ሲታጠብ አየነው። ሌላ ስም ነበረው፣ ሁላችንም ግን ጓድ ነበር የምንለው፤ ማታ ማታ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት የሚያስተምረውም እሱ ነበር። አባቴ ሰላም አለው፣ እሱም መለሰ። ትንሽ አለፍ እንዳልን መንገዱ ዳር የጎረቤታችን ውሻ እግሩ ተገትሮ ተጋድሞ አየን። አባቴ እርምጃውን አፈጠነ፣ ከዚያ ሲሮጥ አየሁት፤ አባቴ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቡሬ ከግቢው አጥር ሥር ነበር፣ አልቆለት ነበር። ዳለቻ ፍቅፋቂው ላይ ወድቆ፣ ገላው በሙሉ እየተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ይደፍቃል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አባ ዱራ፣ ሥጋ በአጥር ወረወሩላቸው፣ እኔ የቡና ፍተሻ መስሎኝ ከውስጥ ተደበቅኩ» አለች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ያ ረቢ እኔን ተወኝ ማለት ጀመርኩ፣ የቀረው ግን አልመጣልኝ አለ።

አባቴ ያን ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ተንበረከከና ዳለቻን በሁለት እጁ ከነአረፋው አቅፎ አነሳው። «ወተት» አለ። «ዘይትም። ከሰል ደቁሺ።» ፀሐዩ ይበረታ ነበርና ውሻውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ፣ ደፉ ጋ ሲደርስ እናቴ ባለማመን አየችው።

«ወደ ውስጥ?»

«ዛሬ የሚገባው ይግባ» አለና ደፉን ተሻገረ።

ዳለቻን መስገጃው በሚዘረጋበት ጥግ መሬት ላይ አስተኛው፣ መጥረቢያ የለመደ እጁን በመንጋጋው መሃል አስገብቶ አፉን ከፈተ፣ እናቴ ወተቱንና ዘይቱን አፈሰሰች፣ ከሰሉን በጥብጣ ጨመረች፣ እኔ የኋላ እግሮቹን ያዝኩ። አባቴን ነከሰው፤ አባቴ እጁን አላወጣም። አስመለሰው፣ እንደገና አጠጡት፣ እንደገና አስመለሰው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ሞተ ብዬ ነበር፣ ግን ይተነፍስ ነበር።

ከዚያ አባቴ ወደ ግቢ ወጥቶ መታጠብ ጀመረ። እጁን እስከ ክርኑ፣ ደረቱን፣ ልብሱን፣ መሬቱን፣ ጥጉን፤ ስድስት ጊዜ በውሃ፣ አንድ ጊዜ በአፈር። እናቴ እንስራዋን አዝላ ወደ ቦኖው ስትመላለስ ቆየች፣ ስለ ወገቧ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነጩ ልብስ ከዚያ በኋላ ነጭ አልሆነም። መግሪብ ሲደርስ አባቴ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ከዳለቻ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ሰገደ፣ እኔም ከጎኑ። መልአክ ገብቶ ይሁን ቀርቶ አላውቅም። አባቴ ለመልአኩም ለውሻውም ቦታ ሳያጣ እንደሰገደ ግን አይቻለሁ።

ከድር በማግስቱ መጣ። ቡሬን የቀበርነው እንሰቱ ሥር ነበር፣ እዚያ ሄዶ ቆሞ ተመለሰና አባቴ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ በርጩማው ላይ አልተቀመጠም።

«አባ ዱራ፣ ማንበብ አልችልም» አለ። «ችዬም አላውቅም።»

አባቴ መጥረቢያውን አቆመ። «ኤደንስ?» አለው።

«ኤደን ነበርኩ። ከረጢት ተሸካሚ ነበርኩ። ህንዶቹ ‹አንሳ›ና ‹አስቀምጥ› ነው የሚሉኝ፣ እነዚያን ሁለቱን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላውቅም አላልክም?»

«ሁላችሁ ታዩኝ ነበር» አለ ከድር።

አባቴ «ዱጋ» አለ፣ እውነት ነው እንደማለት፣ መጥረቢያውንም አነሳ። እኔ ግን ልጅ ነበርኩና እንዲህ በቀላሉ አልለቀቅኩትም፣ እስከ መንገድ ተከተልኩት።

«ፊልሙስ?» አልኩት። «ውሃ ቀጂው ያለውስ?»

ቆመ። «ፊቱን አይቼ ነው የምናገረው» አለ። «በዚያ ፊት ሌላ ምን ይባላል?»

ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩበት፣ ጀርባውን መታው፣ አልዞረም።

ከዚያ የሆነው ነገር ዛሬም ያናድደኛል። ከድር በዚያው ሳምንት ደብተርና እርሳስ ይዞ መሠረተ ትምህርት ገባ፤ ሽበታሙ ሰውዬ ከልጆችና ከሴቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሀ ሁ ይል ነበር። እናቴ እኔንም አስመዝግባኝ ነበር። አንድ ቀን ሄድኩ፤ ጓዱ ጠመኔ ሲያቀብለኝ ጣቶቹን አየሁ፣ ሥጋውን ከባልዲው የወረወሩት ጣቶች ናቸው፣ ጠመኔውን መሬት ጥዬ ወጣሁ፣ ዳግመኛም አልሄድኩም። ለቡሬ ብዬ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ፊደል እስክቆጥር ድረስ በየቢሮው በር ላይ ወረቀት ይዤ ሰው ስለምን የኖርኩት በዚያች ንዴት ነው። ቡሬ ከዚህ ምንም አላተረፈም።

በልግ ገብቶ ዝናቡ ሲመለስ ሲኒማ ቤቱ አዲስ ፊልም አጥቶ፣ መከር ባይሆንም፣ ውሃ ቀጂውን እንደገና አወጣ። ከድር መጥቶ ነበር፣ ግን ከፊት አልተቀመጠም፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ከድር፣ ወደ ፊት ና እንጂ» አሉት።

«ደክሞኛል።»

«ኮቱ፣ ማሎ፣ ና እባክህ፣ ያላንተ ምን እናያለን?»

«ዓይን አላችሁ፣ እዩ» አለ። አንዱ «ፊደል ቆጥሮ ኩራተኛ ሆነ» ሲል ሰው ሳቀ፤ እኔና ከድር ብቻ አልሳቅንም።

ፊልሙ ያለ ተርጓሚ ሄደ። ሰው አጉረመረመ፣ አፏጨ፣ ግማሹ ወሬውን ያዘ። ውሃ ቀጂው አሸዋው ላይ ሲወድቅ ግን ቀስ በቀስ ዝም አሉ፣ ውሾቹ ሄዱ፣ ሰውየው በጀርባው ተንጋለለ፣ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ አዳራሹ ሁሉ ይጠብቃል። ከድርን ዞር ብዬ አየሁት፣ ራሱን ዝቅ አድርጓል። ቤት ውስጥ ዳለቻ፣ አንድ እግሩ ዳግመኛ ያልተስተካከለው ዳለቻ፣ አገጩን ደፉ ላይ አሳርፎ እየጠበቀኝ ነው። ሰውየው የሚለውን እንደማላውቅ አውቅ ነበር፣ ከድርም እንደማያውቅ አውቅ ነበር። ተነስቼ ቆምኩ።

«‹ያ ረቢ›» አልኩ፣ ድምፄ ቀጠነ፣ «‹ለእኔ ብዬ አልለምንህም። እነዚህ ሁለቱ ምንም አላጠፉም። እኔን እዚሁ ተወኝ፣ ለእነሱ መንገድ አሳያቸው።›»

መጀመሪያ «አሚን» ያለው ከኋላ፣ ከግድግዳው ጋ ነበር፣ ድምፁን አወቅኩት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ አለ።

ዳለቻ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሮ በእርጅና ሞተ። ከድርም ሞተ፤ በመጨረሻ ዓመቶቹ ቦኖው ጋ ወረቀት ሲለጠፍ ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል፣ ያላወቀውን ቃል «ይቺን አላውቃትም» እያለ ያነብልን ነበር። አባቴ መጥረቢያ መያዝ ሲያቅተው የዳለቻ ጥርስ ያለፈበት ጠባሳ እጁ ላይ እንዳለ ሞተ። ደፉ አሁን እኔ ቤት በር ሥር ነው፣ ቤቱ ሲፈርስ ነቅዬ ወስጄዋለሁ፣ ውሻ ግን የለኝም፤ ጎረቤት ይከሰኛል።

ዓምና ልጄ ቴሌቪዥን ስትቀያይር ውሃ ቀጂው መጣ። ያው ነው፣ ሰውየው፣ አቁማዳው፣ ሁለቱ ውሾች፣ አሁን ግን ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ አማርኛ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ቀረብ አልኩ። አሸዋው ላይ ወድቆ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ ልጄ ሳታግዘኝ፣ ቃል በቃል አነበብኩት። ሰውየው ዱዓ አያደርግም። ጉድጓዱን የቆለፈውን ባላባት ይረግመዋል፣ እሱንም ልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም፣ ከዚያ «ውሾቹ እንኳ ጥለውኝ ሄዱ» ይላል። ፊልሙም ድሮ የሚበጠስበት ቦታ ላይ አልተበጠሰም፤ ከውሾቹ ኋላ የሚመጡት ሰዎች ሲደርሱ ሞቶ አገኙት።

ልጄ «አባ፣ ታውቀዋለህ እንዴ?» አለችኝ። «ድሮ አይቼዋለሁ» አልኳት።

ማንበብ እችላለሁ፣ የተጻፈውንም አነበብኩ፣ አልክድም። ማንበብ የማይችል ሰው ቡሬን አስገድሎብኛል፣ ይህንንም አልክድም። በዚያን ማታ ግን ለሶላት ስቆም ያልኩት በልጅነቴ ያልኩትን ነው፣ ለልጄና ለእናቷ፤ ስጨርስም እንደ ልማዴ ዞር ብዬ ወደ ደፉ አየሁ።